ቆጣሪው በማን ስም ነው?
ስለ ኤሌክትሪክ ሽያጭ ሕግና ስለ አጥቢያዎች ኪራይ ቤቶች የተዘጋጀ ትምህርት

የአንድ አጥቢያ የንብረት መዝገብ ሲገለጥ ከበሮውና ጽናጽሉ፣ መቋሚያውና ምንጣፉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወንበር ሳይቀር በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ግን ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ውጭ ነው። ይህ በአንድ በኩል ትክክል ነው፤ ቆጣሪው የአቅራቢው ድርጅት እንጂ የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት አይደለምና። ከቆጣሪው በስተጀርባ ያለው ውል ግን የአጥቢያው ነው። ዕዳውም፣ መብቱም፣ በሕግ የሚያስጠይቀው ነገርም የሚመጣው በዚያ ውል በኩል ነው። ውሉን አንብቦ የሚያውቅ አባል ምን ያህል እንደ ሆነ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ራሱን ይጠይቅ።

በዚህ እትም የኤሌክትሪክ ኃይል ለተጠቃሚ የሚሸጥበት ሕግ ምን እንደሚል፣ ማን እንደሚቆጣጠረው፣ ይህም የአጥቢያዎቻችንን ኪራይ ቤቶችና በውስጣቸው የሚኖሩ አነስተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች እንዴት እንደሚነካ እንመለከታለን። ምሳሌያችንን ከመሸንቲ እንወስዳለን። መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ የመንገድ ዳር ከተማ ክፍል ተከራይቶ የሚኖርም፣ ሱቅ የሚከፍትም አይጠፋም፤ በይዞታ ላይ ጥቂት ክፍሎችን ሠርቶ ማከራየትም ለአጥቢያ ልማት ቅርብ የሆነ የገቢ መንገድ ነው። ከዚህ በታች የምናነሣው አጥቢያ ለትምህርቱ ሲባል የታሰበ ነው፤ ነገሩ ግን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ እንደማይሆን እናምናለን።

ሻጩና ተቆጣጣሪው

ሕዝባችን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይላል። ስሙ የመጣው በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነው። ያ መሥሪያ ቤት ኃይሉን ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፣ ያከፋፍላል፣ ይሸጣል፤ የሚሠራበትንም ደረጃ በአብዛኛው የሚያወጣው እርሱው ነበር። ሻጩና ሚዛን መርማሪው አንድ ሰው የሆነበት ገበያ ማለት ነው። የባሕር ዳር አካባቢ ለዚህ ታሪክ ቅርብ ነው፤ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የባሕር ዳርን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንቀሳቅሷል። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1993 ዓ.ም.፣ የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ተከተሉ። የጣና በለስ የማመንጨት አቅም 460 ሜጋዋት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዟል። ውኃችን ብርሃን ለመስጠት አልሰነፈም። ነገር ግን ማመንጨት አንድ ነገር፣ ለእያንዳንዱ ቤት በተገቢ ዋጋና በአስተማማኝ ሁኔታ መሸጥ ሌላ ነገር ነው፤ ትምህርታችንም በዚህ በሁለተኛው ላይ ያተኮረ ነው።

ሽያጩን ከሻጩ ውጭ የሆነ አካል እንዲቆጣጠረው የተወሰነው በኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 ነው። አዋጁ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲን አቋቋመ። በኋላ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤጀንሲውን በኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ተካው። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263 ደግሞ የነዳጁን ቁጥጥር ጨምሮ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አደረገው። ሻጩም በበኩሉ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመርም ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያከፋፍላል፣ ለደንበኛም ይሸጣል። አጥቢያችሁ ውል ያለው ከሁለተኛው ጋር ነው። ስለ ቢልም ሆነ ስለ ተቃጠለ ትራንስፎርመር የሚጻፍ ደብዳቤ ለዚህ ድርጅት ይጻፋል። በስም መመሳሰል ምክንያት ደብዳቤ ወደ ማይመለከተው ቢሮ ሄዶ ሳምንታት ማለፋቸው የተለመደ ስለ ሆነ ይህን አበክረን እንናገራለን።

የተቆጣጣሪው ሥራ ምንድን ነው? ባጭሩ፣ ኤሌክትሪክ ለንግድ ለሚያመነጭ፣ ለሚያስተላልፍ፣ ለሚያከፋፍልና ለሚሸጥ ፈቃድ ይሰጣል፤ የአገልግሎቱን ጥራትና ደኅንነት ይከታተላል፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎችን ብቃት ያረጋግጣል፤ በሻጭና በደንበኛ መካከል የሚነሣን አለመግባባት ይመለከታል፤ ታሪፍን ይመረምራል። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብሔራዊው መስመር ላይ የሚሸጠውን ኤሌክትሪክ ዋጋ ባለሥልጣኑ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው መንግሥት ነው። ከብሔራዊው መስመር ውጭ ላሉ አነስተኛ ማመንጫዎች ግን ታሪፉን የሚያጸድቀው ባለሥልጣኑ ራሱ ነው።

በሌላ አገር ያለውን ብናይ ልዩነቱ ይገባናል። በእንግሊዝ አገር አንድ ቤተሰብ ኤሌክትሪክና ጋዝ የሚገዛበትን ኩባንያ ከብዙዎች መካከል ይመርጣል፤ ካልተስማማው ወደ ሌላው ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ተቆጣጣሪው ኦፍጀም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤተሰብ በሚሸጠው ኃይል ላይ የዋጋ ጣሪያ ያስቀምጣል፤ መምረጥ የሚችለው ደንበኛ እንኳ ብቻውን ራሱን መጠበቅ አልቻለምና። የእኛ ደንበኛ ሻጭ አይመርጥም፤ አንድ ሻጭ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በእኛ አገር ሕጉን ማወቅ ከእነርሱ ይልቅ የሚያስፈልግ ነው፤ ሌላ መከላከያ የለንምና።

ስለ ጋዝ ጥቂት ብቻ እንበል። በእኛ ዘንድ ጋዝ በቧንቧ ወደ ቤት ስለማይገባ ቆጣሪም ወርኃዊ ውልም የለውም፤ በሲሊንደር ከሱቅ ይገዛል። ለሰንበቴም ሆነ ለእንግዳ ማረፊያ ሲሊንደር የምትገዙ አጥቢያዎች ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን ተመልከቱ፣ በሚዛን አስመዝኑ፣ ደረሰኝ ያዙ። ባዶው ሲሊንደር የሚመዝነው በራሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከጠቅላላው ክብደት ሲቀነስ የቀረው የገዛችሁት ጋዝ ነው።

እርከን ያለው ዋጋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ለቤተሰብ የሚሸጠው ኤሌክትሪክ አንድ ወጥ ዋጋ የለውም፤ በወር የሚፈጀው ኪሎዋት ሰዓት በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም በእርከን ይጨምራል። የእርከኑ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ ያለው ቤት ከመሠረታዊ ፍላጎቱ እንዳይቋረጥ የመጀመሪያው እርከን ርካሽ ይሆናል፣ ብዙ የሚፈጅ ደግሞ ብዙ ይከፍላል። ታሪፉ ለረጅም ዓመታት ሳይሻሻል ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ውስጥ በየደረጃው የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ሲወጣም የመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው፣ በነበረበት በ0.273 ብር እንዲቆይ ተደርጓል። በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከ51 እስከ 100 ያለው እርከን 0.767 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1.625 ብር፣ ከ201 እስከ 300 ያለው 2 ብር ደረሰ። ከ500 በላይ ያለው 2.481 ብር ነበር። የመጀመሪያውና የመጨረሻው እርከን በዘጠኝ እጥፍ ይለያያሉ ማለት ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል፤ እርሱም በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ነው። በየሩብ ዓመቱ የሚለወጥ ዋጋ በመጽሔት ላይ ብናትም ከእጃችሁ ሳይደርስ ያረጃል፤ ስለዚህ የወቅቱን ሰንጠረዥ ከአገልግሎት መስጫ ማእከሉ ወስዳችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። አነስተኛ ተጠቃሚን በዝቅተኛው እርከን የመደገፉ አሠራር ግን አልቀረም። ለስሌታችን ዋጋው ተረጋግቶ የቆየውን የ2014ቱን ሰንጠረዥ እንጠቀማለን፤ የዛሬው ቁጥር ከፍ ይላል፣ የነገሩ አካሄድ ግን ያው ነው።

በመሸንቲ ያለ አንድ አጥቢያ በይዞታው ጠርዝ አራት የኪራይ ክፍሎች አሉት እንበል። በአንዱ ባሏ የሞተባት እናት ከልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ በሌላው የቀን ሠራተኛ፣ በሦስተኛው ጠላ ሸጣ የምትተዳደር ሴት፣ በአራተኛው ጡረተኛ። ሰበካ ጉባኤው ለእነዚህ ሰዎች ራርቶ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ቆጣሪ መስመር ስቦ ሰጥቷቸዋል። እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ይህ የተጋነነ ቁጥር አይደለም፤ የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንጀራ ቢጋገርበት በአራት ሳምንት 21 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቀሪው 19 ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና አልፎ አልፎ ለምድጃ ነው።

አራቱ ቤተሰቦች የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው አራቱም በመጀመሪያው እርከን ውስጥ ናቸው። አርባ በ0.273 ሲባዛ 10.92 ብር፤ አራቱ በአንድ ላይ 43.68 ብር፤ የአገልግሎት ክፍያው ሲቀር። በአንድ ቆጣሪ ላይ ግን ፍጆታው 160 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ ይነበባል። ቆጣሪው አራት ምድጃ መኖሩን አያውቅም፤ አንድ ብዙ የሚፈጅ ቤት ነው የሚያየው። ስሌቱን እጅግ ለዘብ ባለው መንገድ፣ እያንዳንዱን እርከን በየራሱ ዋጋ ብናሰላው እንኳ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት 13.65 ብር፣ ሁለተኛው 50 ኪሎዋት ሰዓት 38.35 ብር፣ የቀረው 60 ኪሎዋት ሰዓት 97.50 ብር፣ በድምሩ 149.50 ብር ይመጣል። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ፍጆታ ገና አልተደመረም።

ከዚህም የባሰ አለ። ቆጣሪው በቤተሰብ ታሪፍ ሳይሆን ለንግድና ለተቋማት በሚሆነው በጠቅላላ ታሪፍ የተመዘገበ ከሆነ ዝቅተኛ እርከን የሚባል ነገር የለም። በ2014 ዓ.ም. የዚህ ታሪፍ ዋጋ 2.124 ብር ነበር፤ 160 ኪሎዋት ሰዓት 339.84 ብር ይሆናል። ከ43.68 ብር ጋር ስታስተያዩት፣ መንግሥት ለአነስተኛ ተጠቃሚ ብሎ ያስቀመጠው ድጎማ በደጃችሁ ደርሶ ሳይገባ መመለሱን ታያላችሁ። ቢሉ ላይ የተጻፈውን የታሪፍ ዓይነት ዛሬውኑ አንብቡ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ወፍጮ ካላት ደግሞ የወፍጮው ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ከሌላው የተለየ መሆን አለበት፤ የኢንዱስትሪ ታሪፍ ሌላ ሰንጠረዥ አለውና።

ሕጉ የሚያውቀው ውል ያለውን ደንበኛ ነው። ዝቅተኛው እርከን፣ አቤቱታ የማቅረብ መብት፣ ከመቋረጥ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም የሚደርሱት በስሙ ውል ላለው ሰው ነው። ከሌላ ሰው ቆጣሪ መስመር የተሳበለት ሰው ብርሃን ያገኛል፤ ደንበኛ ግን አይደለም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን መስመር መሳብ እንደ ምጽዋት እናየዋለን። በርኅራኄ የተጀመረ መሆኑን አንክድም፤ ይሁን እንጂ በርካሽ ዋጋ ሊገዛ የሚገባውን ኃይል ድሃው በባለጠጋ እርከን እንዲገዛ የሚያደርገው ይኸው መስመር ነው። ወጪውን አጥቢያው ሙሉ በሙሉ ከሸፈነ ደግሞ ልዩነቱ የሚወጣው ከሙዳየ ምጽዋቱ ነው።

«በአምፖል ይህን ያህል»

ብዙ አከራዮች፣ አጥቢያዎችም ጭምር፣ ከተከራይ የሚሰበስቡት በግምት ነው፤ ለአምፖል ይህን ያህል፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል፣ ለምጣድ ይህን ያህል። ይህ ልማድ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው የፍትሕ ነው፤ አንድ አምፖል ያላት እናት ቀኑን ሙሉ ምድጃ ከሚያበራው ጎረቤቷ ጋር ትተካከላለች፣ የከፈለችውም ከምን ተሰልቶ እንደ መጣ ልትጠይቅ አትችልም። ሁለተኛው የሕግ ነው። ኤሌክትሪክ ለንግድ መሸጥ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ መሆኑን አዋጁ ደንግጓል። በወር መጨረሻ ከቢሉ በላይ የሰበሰበ ሰበካ ጉባኤ ትርፉን «ለልማት» ብሎ ቢመዘግበውም የሠራው ያለ ፈቃድ የሆነ የኤሌክትሪክ ንግድ ነው። የአጥቢያው ሒሳብ ሲመረመርም ይህ ገቢ በምን አርእስት እንደሚያዝ ለሒሳብ ሹሙ ጭንቅ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቆጣሪ እስኪገባ ድረስ በመካከል መቆየት ግድ ከሆነ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ይገጠም፤ ቢሉ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጠፍ፤ እያንዳንዱም ባነበበው ልክ ከጠቅላላው ላይ ድርሻውን ብቻ ይክፈል። ይህ ዕዳን በትክክል ያካፍላል እንጂ ዝቅተኛውን እርከን አይመልስም። ስለዚህ ጊዜያዊ መሆኑ አይዘንጋ።

ንባብ

እርከን ባለበት ታሪፍ የንባብ ቀን ራሱ ገንዘብ ነው። አንባቢው አንድ ወር ሳይመጣ ቀርቶ የሁለት ወር ፍጆታ በአንድ ወር ላይ ቢወድቅ በየወሩ 45 ኪሎዋት ሰዓት የፈጀ ቤት 90 የፈጀ መስሎ ይታያል፤ ሳያጠፋም ወደ ሁለተኛው እርከን ይወጣል። በግምት የተሞላ ቢልም እንዲሁ ነው፤ ሲያንስ ዕዳው ተከማችቶ አንድ ቀን ይወርዳል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው ተመድቦ በየወሩ በተወሰነ ቀን፣ ለምሳሌ ወር በገባ በመባቻው፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በመዝገብ ይጻፍ። ስልክ ያለው ፎቶግራፍም ያንሣ፤ ቀኑ በፎቶው ውስጥ ይያዛልና። ቢሉ ሲመጣ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር። በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀሙ አጥቢያዎች የንባብ ክርክር ባይኖርባቸውም የሞሉበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብ በቁጥጥር ክፍል ፊት መልስ የለውም።

ክፍያው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ሆነ በቴሌብር ሲፈጸም መክፈያው የአጥቢያው ይሁን እንጂ የገንዘብ ያዡ የግል ስልክ አይሁን። ገንዘብ ያዡ ሲለወጥ የአጥቢያው የክፍያ ታሪክ አብሮት ይሄዳልና።

ከቆጣሪው ወዲያና ወዲህ

በአጠቃላይ ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው የአቅራቢው ኃላፊነት ነው፤ ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው የደንበኛው። ይህ ድንበር ለቤተ ክርስቲያን ከሌላው ደንበኛ ሁሉ ይልቅ ከባድ ትርጉም አለው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ምንድን ነው? መቅደሱ፣ መጋረጃው፣ የብራና መጻሕፍት ያሉበት ዕቃ ቤት። በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ አራት ቤት፣ ድምፅ ማጉያውና የበዓል መብራቱ ሲደራረቡበት ሽቦው ይግላል፤ የጋለው ሽቦ ደግሞ በጣሪያ እንጨት መካከል ያልፋል። ለዘመናት በሰው ትጋት ተጠብቆ የደረሰ ብራና በአንድ ሌሊት ሊጠፋ የሚችለው እንዲህ ነው። ስለዚህ ከቤተ መቅደሱ መስመር ለኪራይ ቤት መሳብ በዋጋ ረገድ ባይጎዳ ኖሮ እንኳ በደኅንነት ረገድ ሊፈቀድ አይገባም ነበር።

የውስጥ መስመር የሚዘረጋው ባለሙያ በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ይሁን፤ ማረጋገጫውን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። የአጥቢያው ልጅ ስለ ሆነ በነፃ ሊሠራ የመጣ በጎ ፈቃደኛም ቢሆን እንዲሁ ይጠየቅ። የመሬት መስመር መኖሩ፣ የማቋረጫው መጠን ከሽቦው ውፍረት ጋር መመጣጠኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። የቆጣሪውን ማሸጊያ ግን ማንም፣ ባለሙያም ቢሆን፣ ከአገልግሎቱ ሠራተኛ በቀር አይንካ። ማሸጊያው የተቆረጠ ቆጣሪ ከተገኘ ተጠያቂው በውሉ ላይ ስሙ የተጻፈው ደንበኛ ነው፤ በእኛ ምሳሌ ቤተ ክርስቲያኒቱ ማለት ነው። ከተከራዮች አንዱ ያደረገው ነው ማለት ከጥያቄ አያድንም።

አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

መብራት ሲቋረጥ ወይም የኃይሉ መጠን ከፍና ዝቅ እያለ ዕቃ ሲያበላሽ የመጀመሪያው ነገር በ905 ነፃ የስልክ መስመር ማስታወቅና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቀበለውንም ሰው መልስ መጻፍ ነው። የቢል ስሕተት ከሆነ የንባብ መዝገቡን ቅጂ አያይዞ ለአገልግሎት መስጫ ማእከሉ በደብዳቤ ማመልከት ይገባል፤ ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ተመትቶበት ወደ አጥቢያው ይመለስ። በቃል የቀረበ አቤቱታ ያልቀረበ ያህል ነው። ማእከሉ ካልመለሰ በድርጅቱ ውስጥ ወደ በላይ አካል፣ ከዚያም ወደ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን መሄድ ይቻላል። ባለሥልጣኑ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከመሸንቲ ሩቅ ነው። ይህን ርቀት እንደ ጉድለት እንቆጥረዋለን፤ ደንበኛው ያለው በየወረዳው ሆኖ ዳኛው በአንድ ከተማ መቀመጡ ብዙ በደል ሳይሰማ እንዲቀር ያደርጋል። ስለ አስተዳደር በደል የሚቀርብ አቤቱታን የሚቀበለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ግን በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው።

አንድ አጥቢያ ብቻውን ከሚጽፍ ይልቅ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ደንበኞች፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ወፍጮ ቤቱም አብረው ቢፈርሙ ይበልጣል። ምሰሶ ወይም ትራንስፎርመር ለማስገባት መዋጮ አዋጡ ሲባልም ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ጥያቄው በድርጅቱ ደብዳቤ መምጣቱን ይመልከት፤ ክፍያውም በድርጅቱ ደረሰኝ ይሁን እንጂ በግለሰብ እጅ አይሰጥ።

ለአራቱ ክፍሎች ምን ይደረግ?

ወደ መሸንቲው አጥቢያ እንመለስ። ለእያንዳንዱ ክፍል ቆጣሪ ለማስገባት ትልቁ ዕንቅፋት ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ተከራይ የይዞታ ማስረጃ የለውም፤ ባለ ይዞታዋ ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የይዞታ ማረጋገጫው መኖሩን፣ በትክክለኛው ስም መሆኑንና ኪራይ ቤቶቹ ያሉበትን ቦታ መጨመሩን ማጣራት ነው። ማስረጃው ካልተሟላ የቆጣሪ ጥያቄው ይቆይና ይህ ይቅደም፤ ለሌላ ጉዳይም ይጠቅማልና። ከተሟላ ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ወስኖ፣ ለየክፍሉ ቆጣሪ እንዲገባ መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በአስተዳዳሪው ፊርማና በአጥቢያው ማኅተም ለአገልግሎት መስጫ ማእከሉ ይጻፍ። በደብዳቤው ላይ ክፍሎቹ መኖሪያ መሆናቸው በግልጽ ይጠቀስ፤ በቤተሰብ ታሪፍ እንዲመዘገቡ የሚያደርገው ይህ ቃል ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ሱቅ ከሆነ ሱቅ ተብሎ ይጻፍ፤ መኖሪያ ብሎ ማስመዝገብ ነገ በአጥቢያው ላይ የሚመለስ ሐሰት ነው።

የማስገቢያውን ወጪ ተከራዮቹ በአንድ ጊዜ ሊከፍሉ አይችሉም። አጥቢያው ከልማት ገቢው ከፍሎ በኪራይ ላይ በትንሽ በትንሹ ቢያስመልሰው ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ቆጣሪው ከገባ በኋላ በየወሩ የሚተርፈው የእርከን ልዩነት ራሱ ለዕዳው መክፈያ ይረዳል። ባሏ ለሞተባት እናት መርዳት የሚፈልግ ጉባኤ የማስገቢያውን ወጪ ቢሸፍንላት ወይም ወርኃዊ ቢሏን ቢከፍልላት ርዳታው በስሟ ይመዘገባል፤ ልኩም ይታወቃል።

ቆጣሪው ሲገባ የኪራይ ውሉም ይታደስ። ውሉ ተከራዩ የራሱን ቢል እንደሚከፍል፣ ከክፍሉ ወደ ሌላ ቤት መስመር እንደማይስብ፣ ማሸጊያውን እንደማይነካ ይግለጽ። ተከራዩ ሲለቅ ደግሞ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት የመጨረሻው ንባብ ሁለቱ ወገኖች ባሉበት ተጽፎ ይፈረም፣ ያልተከፈለ ቢል ካለም ከመያዣው ይታሰብ፤ አዲሱ ተከራይ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው።